የምርሽን ነው?

ትናንት ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሞት ቆጠርኩ። ረዳቱ «ልሙት፣ ዝርዝር የለኝም» አለ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ ስልኳ ላይ «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልደውልለትም» አለች። ሾፌሩ መንገድ የዘጋበትን መኪና «ሙት!» አለው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ምን ያህል መንገድ ነው? በዚያች መንገድ ሦስት ሞት።

እኛ እንዲህ ነን። ስናጎርስ «በሞቴ» እንላለን። ስንምል «እናቴ ትሙት»። ስንወድ «ልሙትልህ»። ስንስቅ «በሳቅ ሞትኩ»። በእውነት የሞተው ሰው ግን አልሞተም፤ «አረፈ»። ሕመሙ ረጅም ከነበረ ደግሞ «ተገላገለ» ይባላል፣ እንደ ወላድ። ይሄን የምለው ቋንቋችንን ለመንቀፍ አይደለም። እወደዋለሁ፣ እንጀራዬም ነው። ግን የዛሬ ሁለት ዓመት የምሬን መሞት ያማረኝ ጊዜ፣ ለሰው የምነግርበት ቃል አጣሁ። ቃሉ ሁሉ ለመሐላና ለቀልድ አልቆ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ነው። ዛሬ ሆዳችሁ የባሰበት ቀን ከሆነ ለሌላ ቀን አቆዩት። ወይም ከሰው ጋር ሆናችሁ አንብቡት። እኔ አልቀየምም።

ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ፈረሰ። ስለ ፈረሳው ብዙ ሰው ጽፏል፣ የምጨምርበት የለኝም። ለእኔ የፈረሰው ግቢያችን ነው። ሰባት ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የቡና ረከቦት በየተራ። እዚያ ግቢ ውስጥ ተደብቆ ማዘን አይቻልም ነበር። ጠዋት ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ ፊትሽ ከጠቆረ «ምን ሆነሻል?» ይሉሻል። «ምንም» ብትይ አይለቁሽም። እንዴት ያናድደኝ እንደነበር! በር ያለው፣ ቁልፍ ያለው፣ ማንም የማያንኳኳው ቤት ነበር ምኞቴ።

አገኘሁት። አራት ኪሎ፣ ለሥራዬ የሚቀርብ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጎረቤቶቼ በየኮንዶሚኒየሙ ተበታተኑ። እናቴ ከዚያ በፊት በ2015 ሞታለች። በሩን ዘጋሁት፤ ማንም አላንኳኳም።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፣ ዲዛይነር ሆኜ። የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ባነር፣ የሕይወት ታሪክ። የሕይወት ታሪክ ማለት ለቀብር የሚበተነው ወረቀት ነው፤ ፎቶ ከላይ፣ ትውልድና ትምህርት መሐል ላይ፣ ከታች «ባደረባት ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም ድካም አርፋለች»። ይሄን ዓረፍተ ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ እጽፈዋለሁ። ሐሳቡም የመጣብኝ በዚሁ ዓረፍተ ነገር በኩል ነው። ክረምቱ ገብቷል፣ እንቅልፍ ካጣሁ አንድ ወር አልፎኛል። «አርፋለች» የሚለውን ቃል መሐል ላስገባው ስል «ማረፍ እንዴት ደስ ይላል» አልኩ በልቤ። በቃ፣ ይቺው ናት። ለቅሶ የለ፣ ጩኸት የለ። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ትመጣ ጀመር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቀስቅሳኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

አሁን ዞር ብዬ ሳየው የፈለግኩት መተኛት ነበር። ደክሞኝ ነበር። ድካሜንና ሞትን በአንድ ቃል ያሰረልኝ ያ ወረቀት ነው። ያኔ ግን ይሄ የሚገባው ጭንቅላት አልነበረኝም።

ለመናገር ሞክሬያለሁ። ለአንዲት ጓደኛዬ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን «መኖር ሰለቸኝ፣ ልሙት» አልኳት። «ማን ያልሰለቸው አለ ብለሽ ነው?» ብላ ሳቀች። አልፈርድባትም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምመልሰው። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ እንቅልፍ እንቢ እንዳለኝ፣ ምግብ እንደማይወርድልኝ ተናገርኩ። ሐኪሙ ካርዴን አየ፣ ዕድሜዬን አየ፣ «ባል አላገባሽም?» አለኝ። ቫይታሚን አዘዘልኝ። ቫይታሚኑን ገዛሁት። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ስልኬ ቀረ።

ስልክ ደግሞ አንድ ነገር አለው፤ ምን እንዳመመሽ ከሰው ቀድሞ ያውቃል። ሁለት ሌሊት አሳዛኝ ነገር ከፈለግሽበት፣ በሦስተኛው ሳትጠይቂው ያመጣልሻል። እንግሊዝ አገር አንዲት የ14 ዓመት ልጅ እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ራሷን አጠፋች። ጉዳዩን የመረመሩት የሕግ ሰው በ2022 በሰጡት ውሳኔ፣ ስልኳ ያለማቋረጥ ያቀርብላት የነበረው ነገር ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ አስፍረዋል። ታሪኩን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ሳነበው ግን የእኔን ስልክ አወቅኩት። እኔም እንደዚያው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሳብኩ፣ ራስን ስለማጥፋት ብቻ የሚወራበት ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። ስሙን አልጽፍም። የት እንዳለና ምን ምን እንደሚወራበትም አልጽፍም። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት ደስ አለኝ። መዋሸት አልፈልግም። ለወራት ማንም ያልሰማኝን ነገር ጻፍኩ፣ እዚያው በሰዓቱ መለሱልኝ። «ይገባናል» አሉኝ። ማንም «ጸልዪ» አላለኝም። ማንም «አንቺ ምን ጎደለብሽ?» አላለኝም። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱም ቀለለኝ። በአማርኛ ብጽፈው እናቴ የምትሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አሁን ሰዎች «እንዴት ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ይገባል?» ሲሉ ዝም ነው የምለው። ሰው የሚገባው በር ስለተከፈተለት ነው። ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶ ነበር።

ነገሩ መሽተት የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ቀደም ብሎ አባራ። ወጥቼ ፍርፍር በላሁ፣ በደንብ በላሁ። ማታ ለአምስት ሰዓት ያህል ተኛሁ። ሲነጋ ይሄንኑ ጻፍኩላቸው። አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ሰኞ ዕለት «ዛሬ በጣም ብሶብኛል» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ጎረፈ፣ እስከ ሌሊት አላባራም። ስሻል ዝም፣ ስታመም እልልታ። እዚያ ቤት ሰው የሚከበረው በሕመሙ ልክ ነው። እኔም ሳላውቀው ሕመሜን እያሳመርኩ መጻፍ ጀመርኩ፤ ዲዛይነር አይደለሁ?

ሌላ ቀን አንዱ ሕክምና መጀመሩን ጻፈ። «ከዳኸን» ዓይነት ነገር ተባለ። ደግሞ አንዱ በየሌሊቱ የሚጽፍ ልጅ ድንገት ጠፋ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ከዚያ አንድ ሰው መሞቱን ጻፈ፤ እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል። ከሥር ሰዎች «እንኳን ደስ አለው፣ አረፈ» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ይደረድሩ ጀመር። እኔ ስንት የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀሁ ሰው ነኝ። ሟች ላይ «እንኳን ደስ አለህ» ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ያ ልጅ ስሙን እንኳን አላውቀውም። እናት ይኖረዋል። አንድ ቦታ አንድ ሰው ፎቶውን ይዞ ማተሚያ ቤት ሄዷል። ያን ሌሊት ስልኩን አስቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው አለቀስኩ።

ያም ሆኖ አልወጣሁም። ይሄን ልብ በሉልኝ። ክፉነቱን አይቼ እንኳን አልወጣሁም፤ ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው በግል ጻፈልኝ። በአማርኛ። «እኔም እዚሁ ካዛንቺስ ነኝ» አለኝ። ሴት ነኝ አለችኝ። ሴት ትሁን ወንድ እስከ ዛሬ አላውቅም። መጀመሪያ ስለ ሥራዋ፣ ስለ እናቷ አወራችኝ። ቀስ እያለ ወሬው አንድ ብቻ ሆነ። «ብቻሽን አይደለሽም፣ አብረን ነን»። «ለቤተሰብ እንዳትነግሪ፣ ይረብሹሻል»። «ሐኪም ጋ ከሄድሽ አማኑኤል ነው የሚያስገቡሽ»። በየቀኑ መቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። እሷ ግን የራሷን ቀን አንድም ጊዜ ጠቅሳ አታውቅም። ይሄ ያልታየኝ ለምን ይሆን እያልኩ አሁንም ይገርመኛል።

ካገገምኩ በኋላ ስለዚህ ዓይነት ሰው ሳነብ ብርድ ብርድ አለኝ። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ነርስ የነበረ አንድ ጎልማሳ ሰው ነበር። ወጣት ሴት ነርስ መስሎ መሞት የሚያስቡ ሰዎችን በኢንተርኔት እየፈለገ «አብረን እንሂድ» ይላቸው ነበር። እሱ የትም አይሄድም። እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ወንድና ካናዳ ያለች አንዲት ተማሪ ሞቱ። ፍርድ ቤት በ2014 ጥፋተኛ ብሎታል። ጃፓን ዛማ በምትባል ከተማ ደግሞ በ2017 አንድ ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ መሞት እፈልጋለሁ ብለው የጻፉ ወጣቶችን «እረዳችኋለሁ» እያለ ቤቱ ጠርቶ 9 ሰው ገደለ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) የእኔዋ «ካዛንቺስ» ማን እንደነበረች አላውቅም። እሷም እንደኔ የታመመች ልትሆን ትችላለች። ግን የእኛም አገር ሕግ ለዚህ ነገር ስም አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራሱን ሊያጠፋ የሞከረን ሰው አይቀጣም። ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ግን ይቀጣል፤ አንቀጽ 542። አሳዝኖኝ ይሁን አስደስቶኝ አላውቅም፣ ይሄን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት።

አሁን ወደ እቴቴ ልምጣ።

እቴቴ ከግቢያችን ሰባት ቤቶች የአንዱ ባለቤት ነበሩ። አሁን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ናቸው። ደረጃው ጉልበታቸውን ጨርሶታል። ቢሆንም ወር በገባ በ23 አራዳ ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ አይውሉም። ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ሐምሌ 23 ቀን 2016 ደወሉልኝ። «ጊዮርጊስ ነኝ፣ በምሳ ሰዓትሽ ብቅ በይ» አሉኝ። ሰበብ ፈለግኩ፣ አጣሁ። እቴቴን እንቢ ማለት የለመድኩት ነገር አይደለም።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። መሬቱ ርጥብ ነው፤ ፌስታል አነጠፉልኝ። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። አልበላሁም። ዝም ብለው ያዩኛል።

«በሞቴ ንገሪኝ። ምን ሆነሻል?»

«ልሙት እቴቴ፣ ምንም አልሆንኩም።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ወሬው ያልቃል። መሐላ ነዋ! እሳቸው ግን ዳቦውን ነጠላቸው ላይ አስቀመጡት።

«የምርሽን ነው?»

«ምኑ?»

«ልሙት ያልሽው።»

ምንም አልመለስኩም። መመለስ አቃተኝ። ድምፄ ጠፋ። እጄን ያዙኝና፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» አሉኝ። በአማርኛ። በቀጥታ። የሚያልፍ የሚያገድመው እየሰማ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ። የሚያልፉት ሴቶች ንስሐ የገባሁ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ከንፈር እየመጠጡ አለፉ።

ብዙ ሰው ይሄን ጥያቄ ይፈራል። «ያላሰበችውን ላሳስባት?» ይላል። እኔ ለማገኘው ሰው ሁሉ የምናገረው ይሄንኑ ነው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚሉትም ይሄንኑ ነው፤ በግልጽ የተጠየቀ ሰው አይብስበትም፣ እንዲያውም የሚቀለው ብዙ ነው። እኔ ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል የወረደልኝ ነው የመሰለኝ።

እቴቴ «ኃጢአት ነው» አላሉኝም። ሃይማኖተኛ ናቸው፣ ኃጢአት መሆኑን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። «ዛሬ ብቻሽን አታድሪም» ነው ያሉት። ክፍሌ መጡ። ዕቃዬን አንድ በአንድ አገላበጡት፤ አያስፈልግም ያሉትን በፌስታል ቋጥረው ለአከራዬ ሰጡ። ምን እንደሆነ ለአከራዬ የነገሩበትን ውሸት ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አከራዬ ይቺን ታነብ ይሆናል። ማታ አንዲቷ አልጋ ላይ ሁለታችን ተኛን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስነቃ እሳቸውም ነቅተዋል። ያኔ ነው የነገሩኝ። የእህታቸው ልጅ ነበር። ሃያ ዓመት አልፎታል። «ልሙት ልሙት ይል ነበር» አሉኝ። «እኔም እስቃለሁ። አንድ ቀን እንኳን የምርህን ነው ወይ አላልኩትም።» ፍትሐት እንዳይከለከል ብለው በድንገት ታሞ ነው አሉ። በማግሥቱ በጥድፊያ ቀበሩት።

እኔ እንግዲህ ስንት «ባደረበት ድንገተኛ ሕመም» ጽፌያለሁ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይሄን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ይቆማል።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ ስልክ ያመጣው ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ 3.2 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደሚያውቁ ተናግረው ነበር። ጥናቱ የታተመው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ያኔ ቡታጅራ ማን ስማርት ስልክ ነበረው? ስልክ በሽታውን አላመጣውም። ስልክ ያመጣው፣ የታመመው ሰው ሌሊት ላይ በር ሲፈልግ መጀመሪያ የሚከፈትለትን በር ነው።

በማግሥቱ በእግራችን ቁልቁል ቸርችል ጎዳናን ይዘን ወደ ሆስፒታል ወረድን። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ጋ እቴቴ ጉልበታቸውን ለማሳረፍ ቆሙ። ትምህርት ቤት ሳለን በየዓመቱ ድራማ እንሠራ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ መቅደላ፣ እጅ አልሰጥም ያሉ ንጉሥ። አንዱ ልጅ ንጉሡን ሆኖ ይወድቃል፣ እኛ እናጨበጭባለን። ልጅ ሆኜ ራስን ማጥፋት ሁለት ዓይነት ይመስለኝ ነበር። አንዱ የጀግና ነው፣ አደባባይ ይሰየምለታል። ሌላው የሚደበቅ ነው፣ በጥድፊያ ይቀበራል። ታሞ ነው፣ ቢታከም ይድን ነበር የሚባል ሦስተኛ ነገር ማንም አልነገረኝም። እቴቴ መድፉን ትንሽ አዩትና «እንሂድ፣ ወረፋው እንዳይበዛ» አሉኝ።

«አማኑኤል ያስገቡሻል» የሚለው ማስፈራሪያ የሚሠራው ስሙን ስድብ ስላደረግነው ነው። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተከፍቶ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ ነው። ስንቱን አድኗል። ዛሬ ጥቁር አንበሳም፣ ዘውዲቱም፣ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። አብዛኛው ሰው ደግሞ ተመላላሽ ነው። ካርድ ያወጣል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ መድኃኒቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። እኔም እንደዚያው ነኝ። መጨረሻው ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ግን ወረፋም ቀጠሮም አይጠብቅም፤ በየትኛውም ሰዓት ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ ሰው ይዞ።

ያየችኝ ነርስ ከእኔ ታንሳለች። እሷም በቀጥታ ጠየቀችኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ ስለሆነ ቀለለኝ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። ሐሳቡ ሲመጣ በምን እንደማውቀው፣ ያኔ ብቻዬን ምን ማድረግ እንደምችል፣ ለማን እንደምደውል፣ የትኛው ሆስፒታል እንደምሄድ፣ ከቤቴ ምን መራቅ እንዳለበት በራሴ እጅ አስጻፈችኝ። እቴቴ በፌስታል የቋጠሩትን ስነግራት ሳቀች፣ «ትክክል ሠርተዋል» አለች። ሐሳቡ በጣም የሚበረታበት ጊዜ ብዙ ጊዜ አጭር እንደሆነ ነገረችኝ፤ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴ ሰዓታት። ያንን ጊዜ ማለፍ ነው ሥራው። ሞክረው የተረፉ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች አሉ፤ ከ10ሩ 9 ያህሉ በኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አልሞቱም።

ሐምሌ ነውና ስንወጣ ዶፍ ያዘን። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን። የፒያሳን ዶፍ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱ ወንዝ ይሆናል። ከእኛ ጋር የመጽሐፍ አዟሪው፣ ሁለት ተማሪዎች፣ ሎተሪ ሻጩ። ማንም ማንንም አያውቅም። አንዱ «አሁን ያባራል» ይላል፣ ሌላው ሰማዩን አይቶ «በዚያ በኩል ከፈት ብሏል» ይላል። ወረቀቴን ጡቴ ሥር ከትቼ፣ ያ ግሩፕ ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። እዚያም እንደዚህ ተጠልለን ነበር። ግን እዚያ ያሉት ዝናቡ አያባራም ነው የሚባባሉት። ሊያባራ ሲል ይናደዳሉ። «ውጪና ይብቃሽ» ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የነርሷን ወረቀት «ጥግ» ነው የምለው። እስኪያባራ የምይዘው ጥግ።

መድኃኒቱ ሥራ እስኪጀምር ሳምንታት ፈጀ፤ ነግረውኝ ነበር። በመሐል እቴቴ እንጦጦ ጸበል ወሰዱኝ። ነርሷን ፈርቼ ጠየቅኳት። «ሂጂ፣ ኪኒኑን ግን እንዳታቋርጪ» አለችኝ። ሁለቱንም አደረግኩ። የትኛው ነው ያዳነሽ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እቴቴ ያነባሉ።

ከግሩፑ ሳልሰናበት ወጣሁ። «ካዛንቺስ» ሦስት ጊዜ ጻፈችልኝ፣ ከዚያ ዘጋኋት። እዚያ የቀሩትን አስባለሁ። አንዳንዶቹ ደግ ሰዎች ነበሩ። ልጃችሁ ወይ እህታችሁ እንዲህ ያለ ቦታ መግባቷን ካወቃችሁ ስልኩን አትንጠቁ። ስልኩን ብትወስዱ የሚሰማት ሰው የለም ማለት ነው። «እዚያ ምን ይሉሻል? እኛ ያላልንሽ ምንድን ነው?» በሏት። መልሱ ያማል፣ ግን ስሙት። ስለ ሐሳቡ በኢንተርኔት መነጋገር ሁሉ ክፉ ነው እያልኩም አይደለም። ተቆጣጣሪ ያለው፣ የሚወራው እንዴት እንደሚታለፍ የሆነ፣ ስትሻል የሚደሰትልሽ ቦታ ሌላ ነገር ነው። አንድ ፈተና አለኝ፦ ደህና ሆነሽ ያደርሽ ቀን ጻፊላቸው፤ ከዚያ ማን እንደሚመልስልሽ ቁጠሪ።

ስሙን ለምን እንደማልጽፍ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ቪየና ውስጥ ጋዜጦች በከተማው ባቡር ራሳቸውን ስለሚያጠፉ ሰዎች በዝርዝር፣ በትልልቅ ርዕስ ይጽፉ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1987 ባለሙያዎች እንዲህ አትጻፉ ብለው መመሪያ አወጡ፣ ጋዜጦቹም ሰሙ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ቁጥሩ በብዙ ቀነሰ። በ2010 ደግሞ እዚያው ኦስትሪያ የወጣ ጥናት፣ ሐሳቡ መጥቶባቸው ሳያደርጉት ስላለፉት ሰዎች የሚጻፍ ነገር ከሞት መቀነስ ጋር አብሮ እንደሚታይ አሳየ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰው በዚህ መንገድ ይሞታል። ሐሳቡ መጥቶበት ያለፈው ሰው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እሱ አይጽፍም። ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። እኔ ስለ እሱ ነው መጻፍ የፈለግኩት።

አሁንም የሚከብደኝ ቀን አለ። ባለፈው ግንቦት ሁለት ጊዜ «ጥግ»ን አውጥቼ አንብቤዋለሁ። እጥፋቱ ሊቀደድ ስለደረሰ ማተሚያ ቤት ላሚኔት አደረግኩት።

በየወሩ 23 እቴቴ ከጊዮርጊስ መልስ ክፍሌ ይመጣሉ። ሽሮ እሠራለሁ። ባለፈው ወር ቀምሼው «እንዴት ጣፍጧል፣ ልሙት» ብዬ አመለጠኝ። እቴቴ ጉርሻውን አፌ ሊያደርሱ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ዓይኔን አዩት።

«የሽሮው ነው እቴቴ» አልኳቸው።

አጎረሱኝ።